የጋሽ ሙላቴ ሁለተኛ ዓይን

በደብረ ታቦር ከተማ፣ ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር ፀጉር ቤት ያለው ታምራት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ሁለት መቶ ሃምሳኛውን ሣጥን ሥሎ ማጠናቀቁ ለሰፊው ሕዝብ ይገለጻል። በሥራው ሂደት ሰባት እርሳስ፣ አንድ መቅረጫና የሦስት ደንበኞች ወዳጅነት መሥዋዕት ሆነዋል። ሣጥኖቹ ባዶ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታምራት ከስልኩ ላይ አንድ የሥዕል ትምህርት አገኘ። ነፃ ነው፤ መምህሩ አይታይም፣ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። «መሠረቱን ሳትይዝ ወደፊት አትሂድ» ይላል፤ «በራስህ ፍጥነት ተማር» ይላል ደግሞ። የታምራት ፍጥነት የኔትወርኩ ፍጥነት ነው፤ ሲመጣ ይማራል፣ ሲጠፋ ይከልሳል። ምዕራፍ አንድ መስመር ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር። ምዕራፍ ሁለት ሣጥን፤ ከላይ የታየ፣ ከታች የታየ፣ የተንጋደደ። በዚያ ሰሞን ከታምራት ቤት የወጣ ራስ ሁሉ ማዕዘን ነበረው። አንድ ዘበኛማ ቆቡ አልገባ ብሎት ተመልሶ፣ «ወንድሜ፣ እባክህ ጠርዙን ሞርድልኝ» እስከማለት ደርሷል።

ምዕራፍ ሦስት የሰው ራስ ነው፤ ከጎን።

ለዚህ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ሰው ያስፈልጋል። በሠፈሩ የማይንቀሳቀስ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ሙላቴ። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ከፀጉር ቤቱ ማዶ፣ በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ጉና ተራራ አዙረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ዝንብ እንኳ ብታርፍባቸው ራሷ ሰልችቷት እስክትሄድ ይጠብቋታል። ጋሽ ሙላቴ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው የሠናይት አባትም ናቸው። ታምራት ሠናይትን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ «እስቲ ከዘመድ ልምከርበት፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ተብሏል። እንግዲህ የቤት ሥራውም ይሠራል፣ አማቱም ይደሰታሉ ብሎ እርሳሱን ቀረጸ።

ወጣለት። ግንባሩ የጋሽ ሙላቴ፣ አፍንጫው የጋሽ ሙላቴ፣ ከጆሯቸው ብቅ ያለችው ሽበት ሳትቀር የጋሽ ሙላቴ። ጎረቤቱ ባለሱቁ አብዱ ከሐሙሲት መስታወት አስመጥቶ ክፈፍ ገጠመለት። በቀጠሮው እሑድ ሽማግሌዎቹ፣ በአቶ አዳነ መሪነት፣ ሥዕሉን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው ገቡ። ታምራት እንደ ደንቡ ከሱቁ ቀረና የአንድ ደንበኛ ፂም እየላጨ ጆሮውን ወደ ማዶ ጣለ።

ብዙም ሳይቆይ አቶ አዳነ መንገዱን እየሮጡ ተሻገሩ። «ቶሎ ና! ዓይን ጠፍቷል!»

«የማን ዓይን?»

«የጋሽ ሙላቴ ነዋ! ምላጩን አስቀምጥና ና፣ አንተ ልጅ!»

ደንበኛው ግማሽ ፂሙን ይዞ ቀረ።

ጋሽ ሙላቴ ሥዕሉን ጉልበታቸው ላይ አቁመው ይጠብቃሉ። ከቀኛቸው ለምርቃት የተጠሩት መሪጌታ ይሻው፣ ከግራቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘነበች።

«ታምራት» አሉ ጋሽ ሙላቴ፣ የእድር ስብሰባ በሚመሩበት ድምፅ። «እኔ ስንት ዓይን አለኝ?»

«ሁለት ጋሼ።»

«እዚህ ላይስ?»

«አንድ።»

«ሌላውን የት አደረስከው?»

«ከወዲያ በኩል ነው ጋሼ።»

ጋሽ ሙላቴ ክፈፉን ገለበጡት። ከወዲያ በኩል አብዱ የለጠፈው የብስኩት ካርቶን ነበር። «ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» ይላል።

«የለም» አሉ።

ታምራት አሁን ገና ነገሩ ገባው። በየደብሩ ግድግዳ ላይ ጻድቅ ፊቱን ወደ ምእመኑ መልሶ፣ ሁለቱንም ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚሣለው፤ በጎኑ ተሥሎ አንድ ዓይን የሚሰጠው ወይ ከሀዲ ነው ወይ ጋኔን። ይህን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ቤተ ክርስቲያን የሳመ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ታምራትም ያውቀዋል። የስልኩ መምህር ግን አያውቀውም፤ ታምራት ደግሞ ዘጠኝ ወር ሙሉ የሰማው እሱን ብቻ ነው።

መሪጌታ መነጽራቸውን አጠለቁ። «በአንድ ዓይን የሚሣሉት ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ዲያብሎስና ይሁዳ። ይህ ቀንድ የለውም፤ ስለዚህ ዲያብሎስ አይደለም።»

«ተመስገን!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«እንግዲያው ይሁዳ ነው።»

«ይሁዳ ቢሆንማ የብር ከረጢት ይይዝ አልነበር?» ብለው አቶ አዳነ ሊከራከሩ ሞከሩ።

«ገና አልተከፈለው ይሆናላ» አሉ መሪጌታ።

አቶ አዳነ ተስፋ አልቆረጡም። «ኧረ ጎበዝ፣ መድፍ ከቀለጠበት ከጋፋት ሥር ተቀምጠን አንድ ዓይን መጨመር ያቅተናል? ልጁ አሁኑኑ ይጨምር!»

ሁሉም ወደ ታምራት ዞሩ። ታምራት ሥዕሉን በጣቱ ለካ፤ ደግሞ ለካ። «ቦታ የለም» አለ በመጨረሻ። «ከተጨመረ ጆሮው ላይ ነው።»

«ጆሮዬንም ሊወስድ ነው!» ጋሽ ሙላቴ ተነሡ። «የሚመጣው እሑድ ዓይኔን ይዛችሁ ኑ። ዓይን ካለ ልጅ አለች፤ ዓይን ከሌለ ልጅ የለችም።»

ሰኞ ጠዋት ሠናይት ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች ፀጉር ቤቱ ገባች።

«ፊት ለፊት ሥላቸውና እንገላገል!»

«ፊት ለፊት ምዕራፍ ዘጠኝ ነው። እኔ ገና ሦስት ላይ ነኝ።»

«ዝለለዋ!»

«መሠረት አይዘለልም ሠኒ።»

«በራስህ ፍጥነት አይደል የሚለው? በል ፍጠን! አጎቴ ከእብናት አንድ የከብት ነጋዴ ሊያመጣ ነው። ሁለቱም ዓይኑ አለ፤ አይቼዋለሁ።»

ታምራት ስልኩን አውጥቶ ምዕራፍ ዘጠኝን ነካው። ተቆልፏል። መጀመሪያ ምዕራፍ አራት ይለፍ ይላል፤ ምዕራፍ አራት ሁለት መቶ እንቁላል መሣል ነው። ወደ እንቁላሉ ዞረ። ዓርብ ስልሳ ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አብዱ በትከሻው አጮልቆ፣ «እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ይኼ ጣጣ የለም፤ ከነጭራሹም አንሥልም» ብሎት ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሽ ሙላቴ መንገዱን ተሻገሩ። እሳቸው ሲንቀሳቀሱ አይቶ ስለማያውቅ አንድ ባጃጅ ደንግጦ ቆመ። ገቡና «በሩን ዝጋ» አሉ። ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «በል፣ ያን ወዲያ ያልከውን አሳየኝ።»

ታምራት ለደንበኛ ማጅራቱን የሚያሳይበትን የእጅ መስታወት አነሣና ከጎናቸው ያዘው። «ትልቁን መስታወት ይዩ ጋሼ።»

ጋሽ ሙላቴ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ራሳቸውን ከፊት ብቻ ነበር የሚያውቁት።

«ይኼ ማነው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አፍንጫው የኔ ነው?»

«የርስዎ ነው።»

«ዓይኑስ? አንድ ብቻ ነው እኮ!»

«ሌላው ከወዲያ ነው ጋሼ።»

ጋሽ ሙላቴ ምንም እንዳላሰበ ሰው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ሁለተኛውን ዓይን ሳይነቃ ሊይዙት፣ ድንገት ዞር አሉ። የፊተኛው ጠፋ፣ የኋለኛው መጣ። ተመለሱ፤ የኋለኛው ጠፋ፣ የፊተኛው መጣ። ለሩብ ሰዓት ያህል አሳደዱት። ታምራት እጁ እስኪዝል መስታወቱን ይዞ በዙሪያቸው ዞረ። ሁለቱ ዓይኖች አንድ ጊዜ እንኳ ባንድ ላይ አልተያዙም።

ከዚያ ጋሽ ሙላቴ ማሳደዱን ተዉ። አገጫቸውን ቀና አደረጉ። ግንባራቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ የአንገታቸውን ዘንግ አንድ በአንድ ቃኙ።

«ሰውየው» አሉ በዝግታ፣ «ግርማ ሞገስ አለው።»

«አለው ጋሼ።»

ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ሳይዞሩ፣ «እኔ እዚህ አልመጣሁም» አሉ።

«አልመጡም ጋሼ።»

እሑድ ሽማግሌዎቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። ታምራትም ለፍርድ ተጠርቶ ከኋላ ከኋላ ገባ። ሥዕሉ ከሳሎኑ ግድግዳ መሐል ተሰቅሏል። ጋሽ ሙላቴ ከሥሩ ተቀምጠዋል፤ ግን ወንበራቸውን አዙረው፣ ለእንግዶቹ ጎናቸውን ሰጥተው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ቁም ሣጥኑ። አቶ አዳነ ሰላምታቸውን ለጆሯቸው አቀረቡ።

«ሠናይትን ሰጥቻለሁ» አሉ ጋሽ ሙላቴ ለቁም ሣጥኑ። «ቀኑን ከእናቷ ጋር ቁረጡ።»

ከጓዳ ሠናይት እልል ልትል ስትል አፏን የያዘች ይመስል አንድ ድምፅ ተሰማ።

«ዓይኑ ተገኘ እንዴ?» አሉ መሪጌታ።

«አልተገኘም።»

«ታዲያ ያ የይሁዳው ነገርስ?»

ጋሽ ሙላቴ አገጫቸውን ይበልጥ ቀና አደረጉ።

«ኧረ በማርያም!» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። «ሳምንቱን ሙሉ ሲፎክሩ ከርመው ምን አይተው ነው? ደግሞስ ምን ሆነው ነው እንዲህ ዞረው የተቀመጡት?»

ሁሉም ታምራትን አዩ። ታምራት ወለሉን አየ።

«ጋሽ ሙላቴ፣» አሉ አቶ አዳነ ለስለስ ብለው፣ «ከሰጡ እሰየው ነው። ግን ሽማግሌ ነንና፣ ሰው ሲጠይቀን እንድንመልስ ያህል፣ ምክንያቱን ቢነግሩን።»

«አልናገርም» አሉ ጋሽ ሙላቴ፣ ሳይዞሩ።