ጠረጴዛውን ማን ነቀነቀው

እፀገነት የምትኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባሏ ወጋየሁ ለመስክ ሥራ ሐዋሳ ሄዷል። ቤት የቀሩት እሷ፣ የሰባት ዓመት ልጇ ምስጢርና አማቷ አቶ ከበበው ናቸው። አቶ ከበበው ነሐሴ ላይ ታፋቸው ተሰብሮ ብረት ስለገባላቸው ያለ ክራንች አይቆሙም። ከሆስፒታል የወጡ ዕለት ጎረቤት ተሸክሞ ነው ያስገባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ደረጃውን አላዩትም።

እሁድ ማታ እራት እስኪደርስ ሦስቱም ፊደል ይጥሉ ነበር። ዳይሶቹን ከጣውላ ቁራጭ የሠሯቸው ራሳቸው አቶ ከበበው ናቸው፤ እንደ ሉዶ ዳይስ ሆነው በነጥብ ፈንታ በየፊታቸው ፊደል ተጽፎባቸዋል። ስድስቱን በኩባያ ነቅንቆ መጣል ነው። «ረ» ከወጣ ከ«ረ» እስከ «ሮ» የፈለጉትን ማንበብ ይቻላል፤ ረጅም ቃል የመሠረተ ያሸንፋል።

«በረዶ» አለች ምስጢር።

«ክረምት» አለች እፀገነት።

አቶ ከበበው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፋ አደረጉ። «ቆዩ፣ ስድስቱንም የሚጨርስ ቃል አለ። አፌ ላይ ነው ያለው።»

ጠበቋቸው። ጠረጴዛው ተርገበገበ።

«አንቺ፣ እግርሽን ሰብስቢ። ጠረጴዛውን አትነቅንቂ» አሉ የልጅ ልጃቸውን።

ምስጢር ሁለቱንም እግሮቿን አጥፋ ወንበሩ ላይ ነበረች። «እኔ አይደለሁም አባባ።»

እፀገነት ዓይኗን ጣል አደረገች። ማንም ያልነካው የ«ደ» ዳይስ እየተንሸራተተ ጠርዙ ጋ ደርሶ ወደቀ። ቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ መንጫጫት ጀመሩ። ወለሉ ወዲያና ወዲህ ሄደባት፤ ራሷን ያዞራት መስሏት ጠረጴዛውን ብትይዝ ጠረጴዛውም አብሯት ሄደ። ደረጃው ላይ ሴት ጮኸች፤ ቀጥሎ የብዙ እግር ኮቴ ወደ ታች ጎረፈ።

«መሬቱ ነው» አሉ አቶ ከበበው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ነበር። «ልጅቷን ይዘሽ ውረጂ።»

«እርስዎስ?»

«እኔን ማን ያወርደኛል? ሂጂ አልኩሽ።»

ልጇን አቅፋ ሮጠች። በሩን ትዝጋው አትዝጋው አታውቅም። ደረጃው ላይ ባዶ እግሩን የሆነ፣ ፎጣ ያገለደመ፣ ቴሌቪዥን የታቀፈ ሰው እየተጋፋ ይወርዳል። ግቢው ስትደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ሕንፃውን ያያል። መንቀጥቀጡ ቆሟል።

«አባባስ?» አለች ምስጢር።

እፀገነት ልጅቷን ምድር ቤት ሱቅ ላላት ለሀኒፋ ሰጠቻት። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖረውን ሁንዴሳን እጁን ያዘችው። «አማቴ ፎቅ ላይ ቀርተዋል። መራመድ አይችሉም፤ እባክህ እናውርዳቸው።»

ሁንዴሳ ሕንፃውን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን። «ይደግማል እያሉ ነው እኮ። ትንሽ እንቆይ።»

ሌሎቹም ፊታቸውን አዞሩ። ልትሰድባቸው ፈለገች፤ ግን የእሷም እግር እምቢ ብሏታል። የራሷን መስኮት ቆጥራ አገኘችው፤ መብራቱ በርቷል፤ ሰው አይታይም። ከዚያ በኋላ ማሰብ ተወች፤ ደረጃውን ጀመረችው።

ወደ ታች ስትሮጥ ያላየችውን ሁሉ አሁን አየችው። ሦስተኛ ፎቅ ግድግዳው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ድሮም ነበር? በየቀኑ የምታልፍበት ግድግዳ ነው፤ ማስታወስ ግን አቃታት። ትከሻዋ እንዳይነካው ሸሽታ አለፈች።

አቶ ከበበው ወለሉ ላይ ወድቀው፣ ክራንቻቸው ወዲያ ርቆ አገኘቻቸው። ለመነሳት ሞክረው ነበር። የእጅ አንጓዋን ጨብጠው ያዟት። «ሂጂ» ያለው ያ ድምፅ አሁን የለም።

«አትሂጂ ልጄ» አሉ። «እባክሽ አትሂጂ።»

«አልሄድም አባባ።»

ብብታቸው ሥር ገብታ ልታነሳቸው ታገለች፤ ከበዷት። ሁለተኛ ስትሞክር ቡፌው እንደገና ጮኸ። አጠገባቸው ተኝታ ጭንቅላታቸውን በክንዷ ሸፈነች። ልብ ሲመታ ይሰማታል፤ የእሷ ይሁን የእሳቸው አልለየችውም። ጣሪያውን ላለማየት ዓይኗን ጨፈነችና ይመጣል ያለችውን ጠበቀች።

የመጣው ኮቴ ነው። ሁንዴሳ ከሌላ ጎረቤት ከገዳ ጋር የፕላስቲክ ወንበር ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አቶ ከበበውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ መደገፊያውን ያዘ። ስንጥቁ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ።

ግቢው ውስጥ ብርድ ልብስ ተነጥፎ ሰው ሁሉ እዚያው ተቀመጠ። ኔትወርክ ተጨናንቆ የወጋየሁ ስልክ የገባው ብዙ ቆይቶ ነው። እፀገነት ደህና መሆናቸውን ነግራው ስልኩን ለአባቱ ሰጠች። ምን እንደሚሉ ለመስማት ጠጋ አለች።

«ሂጂ አልኳት፣ ሄደች» አሉ አቶ ከበበው። «ደግሞ ተመልሳ መጣች። በቃ፤ አንተ ቶሎ ና።»

ወጋየሁ በማግስቱ ደረሰ። አቶ ከበበው እሱ እስኪመጣ ሀኒፋ ሱቅ ቆዩ። ወሩ ሳያልቅ ሀና ማርያም አካባቢ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ፎቅ የሌለው ቤት ተከራይተው ገቡ። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ዝናብ ሲጥል መነጋገር አይቻልም። እፀገነት ግን አላማረረችም። ከባድ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር ሥራዋን አቁማ መሬቱን ታዳምጣለች፤ ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ማንም ቢጠራት አትመልስም።