የክንዱ ዶሮዎች ይብሉት

ቻይነሽ ዶሮዎቿን እንደ ሰው በስም ነበር የምትጠራቸው። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ቀጥ አድርገው የያዙላት እነሱ ናቸው። ለሕፃናት ምግብ የሚያስጀምሩ የፍኖተ ሰላም እናቶች «የቻይነሽ ዶሮ መድኃኒት የነካው ነገር አይቀምስም» እየተባባሉ ከሩቅ ሰፈር ድረስ ለእንቁላሏ ይመጡ ነበር። አኩሪ አተር ደግሞ ከጓሮዋ አይደርስም። አንድ ዓመት ጥሬውን አስፈጭታ ብታበላቸው ከስተው እንቁላል ስለነሷት፣ ከዚያ በኋላ መኗቸው በቆሎ፣ የኑግ ፋጉሎና የተቆላ አተር ብቻ ሆነ።

ይህን ቀላቅሎ የሚያቀርብላት ቡሬ ላይ መኖ የሚነግደው ክንዱ ነው። የልጇን ክርስትና ያነሳ አበልጇ ስለሆነ ጆንያውን ሳትፈትሽ ትቀበለው ነበር።

ክረምቱ ሲበረታ ዶሮዎቿ ክንፋቸውን ጥለው ማንቀላፋት ጀመሩ። ፈንግል እንዳትል ክትባታቸውን አስከትባለች። ተራ በተራ አለቁባት። የመጨረሻዋን ቀብራ ስትመለስ ከጆንያው የተረፈውን መሬት ላይ ዘረገፈችው። ከላይ በቆሎና ፋጉሎ፤ ከታች ግን ሻጋታ ያጣበቀው ግራጫ ጓል። ጓሉን ብትፈረክሰው ጥሬ አኩሪ አተር።

ሰብስባ ከተተችና ሚኒባስ ይዛ ቡሬ ወረደች። የክንዱ ሱቅ ገበያተኛ ሞልቶታል።

«አበልጄ፣ ይኼ ምንድን ነው?» አለችው ጆንያውን ከፍታ።

ክንዱ ዙሪያውን አይቶ ሳቀ። «ማርባት ያልቻለች ሴት መኖ ትወቅሳለች! ባል የሌለበት ቤት እኮ ዶሮም አይበረክት።»

ገበያተኛው አብሮት ሳቀ። ቻይነሽ ጆንያዋን አስራ ወጣች። እንባም አልመጣላት። ቂሙ ግን እንደ እርሾ ውስጧ ተቀምጦ እያደር ኮመጠጠ።

«አበልጅ ተጣልቶ አይዘልቅም» ብለው ሁለቱንም የሚያውቁት መሪጌታ ቴዎፍሎስ ሽማግሌ ሰብስበው ክንዱ ቤት አስቀመጧቸው። ክንዱ ተነሥቶ ማለ፦ «በመኖዬ ውስጥ አኩሪ ካለበት ይህ ቤት አይባረክ!»

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ ልጄ?» አሏት መሪጌታ።

«አባቴ፣ እርስዎ ባሉበት እኔ ካሳም መሐላም አልሻም። ንጹሕ ነው ካለ፣ ከዚህ ጆንያ የተረፈውን የክንዱ ዶሮዎች ይብሉት። ሌላ ሳይቀምሱ» አለች፣ ይዛው የመጣችውን ያን ጆንያ መሐላቸው አኑራ።

ከሱቁ ጀርባ «የመኖዬ ፍሬ» እያለ ለደንበኛ የሚያሳያቸው ነጫጭ ዶሮዎች አሉት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ፍርዱ ሸጋ ነው» አሉ። የክንዱ ፊት ዐመድ መሰለ፤ ነገር ግን የገዛ አፉ አስሮታል። የዶሮ ቤቱ ቁልፍ ለጎረቤቱ ለዘሚካኤል ተሰጠ፤ ከዚያ ጆንያ በቀር ምንም እንዳይገባ ተባለ።

ቻይነሽ ገበያ በቆመ ቁጥር እየመጣች በወንፊት ሽቦው ታያቸዋለች። መጀመሪያ እንቁላል አቆሙ። ቀጥሎ ክንፋቸውን ጣሉ። የልቧን ካልን፣ ደስ አላት፤ ደስታዋን ከራሷም አልደበቀችው።

አንድ ቀን የክንዱ ሚስት እታለም የሞተች ዶሮ እንዳቀፈች መጥታ ከፊቷ ቆመች።

«እትዬ፣ በእመብርሃን ይዤዎታለሁ። እነዚህን ከጫጩት ጀምሬ ያሳደግሁ እኔ ነኝ። የእርስዎን እኔ አልገደልሁ፤ ምነው የእኔን?»

ቻይነሽ ልቧ ፈራ ተባ አለ። ወዲያው ያ የሱቁ ሳቅ በጆሮዋ አስተጋባ።

«አውቃለሁ፣ እታለም። ቁልፉ ግን በእኔ እጅ አይደለም፤ በባልሽ አፍ ነው።»

እታለም የሞተችውን ዶሮ ይዛ ገበያተኛው መሐል ገባችና የባሏ ሚዛን ላይ አኖረቻት። «ተናገር፣ አንተ ሰው!» አለችው።

ክንዱ አቀርቅሮ «ከታች የከተትሁት አኩሪ አተር ነው» አለ። «ዝናብ ገብቶበት ሻግቶ ነበር። መድፋቱ ቆጨኝ።»

«ጮክ በል፤ ያን ቀን የሳቁት አልሰሙህም» አለች ቻይነሽ ከደጃፉ።

ደገመው። እሷም ወደ ሰዉ ዞረች፦ «ክንዱ ‹አኩሪ የለበትም› ብሎ ምሎ ነበር። በሐሰት አትሙት፤ ይኸው እናንተም አያችሁ፣ በዚህ ቤት አኩሪ የሚባል ነገር የለም።»

ሰዉ ሰሙንም ወርቁንም ያዘው። ሳቁ ሱቁን ሞላው። ክንዱ ወደ ጓዳ ገባ፤ የተረፉት ጥቂት ዶሮዎችም ያን ዕለት ተፈቱ።

ፍልሰታ ሲፈታ ክንዱ ሽማግሌ ይዞ ይቅርታ ሊለምን ፍኖተ ሰላም መጣ። ቻይነሽ ለሁሉም እንጀራ አቀረበች፤ ጠላ ቀዳች። ስለ ይቅርታው ሲጠይቋት «እግዜር ይፍታው» አለች እንጂ «እኔ ፈታሁት» አላለችም። መሪጌታም አላስጨነቋት።

አሁን አተሩን ራሷ ትቆላለች፤ ፋጉሎውንም ራሷ ሰባብራ፣ አሽታ፣ አይታ ትቀላቅላለች። አዳዲሶቹ ጫጩቶች ቄብ ሆነዋል። በቆሎ ልትሸምት ቡሬ ስትወርድ ከመናኸሪያው ባጃጅ ትይዝና ልክ ከክንዱ ደጃፍ ላይ ትወርዳለች። ነጠላዋን ቀስ ብላ ታስተካክላለች። ቀና ብሎ እስኪያያት ትቆይና፣ ከጎኑ ካለው ሱቅ ገብታ ትገዛለች።