የፈረሱት ቤቶች እንጨት

ይርሳው የሞጣ ልጅ ነው። ግንባታ ተምሮ ቢቸና በሥራ ተቆጣጣሪነት ከተመደበ ብዙም አልቆየም። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በጋ ገበሬው ቤቱን እያፈረሰ በአንድ መንደር ይሰብሰብ ሲባል፣ በሞጣ መንገድ ዳር የታሰበውን አዲስ መንደር የማሠራቱ ኃላፊነት እሱ ላይ ወደቀ።

ቦታውን ያየ ዕለት ፕላኑን ደጋግሞ አገላበጠው። በፕላኑ መሠረት ቤቶቹ የሚቆሙት ከመንገዱ ሥር ባለው ረግረግ ላይ ነበር። ምሰሶና ማገሩ ደግሞ የሚቆረጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ ከዚያ ሁሉ ወይራና ጽድ ነው። የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ወልደ ሰንበት የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ልጄ፣ ደኑ ከተቆረጠ ምንጩም አብሮ መድረቁ ነው። ሰውም ከብቱም የሚጠጣው ከሥሩ ነው» አሉት።

«አውቃለሁ፣ የኔታ። ግን ትእዛዝ ነው።»

«ታዲያ ያዘዙህን ጠይቃቸዋ!»

መጠየቁ ነበር የከበደው። አንድ የሥራ ባልደረባው ስብሰባ ላይ «ለምን?» ብሎ ከቤቱ ተወስዶ ነበር፤ የተመለሰው ከስቶና ዝምተኛ ሆኖ ነው።

በማግስቱ የሚፈርሱትን ቤቶች ሊያይ ወጣ። የወይዘሮ ወለተ ሐናን ቤት ምሰሶ በመዶሻ ቢመታው እንደ ብረት ጮኸ። የዘመናት ጭስ ጠጥቷል፤ ምስጥ አልነካውም። ሌሎቹም ቤቶች እንደዚያው ነበሩ። «ይህ እያለ ለምን አዲስ ዛፍ ይቆረጣል?» አለ ለራሱ። ከረግረጉ በላይ ያለው ተዳፋትም ድንጋያማ ነው፤ ውኃ አይተኛበትም፣ ለመሠረት የሚሆን ድንጋይም እዚያው አለ።

ቢቸና ተመልሶ አለቃው ጓድ አካለ ወልድ ፊት ቀረበ፤ ቤቶቹን በአሮጌው እንጨት ተዳፋቱ ላይ ለመሥራት ማሰቡን ነገራቸው። ጓድ አካለ ወልድ ፕላኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉ።

«ረድፉ ቀጥ ይላል?» አሉ በመጨረሻ።

«እንዴት፣ ጓድ?»

«ጎብኚ ሲመጣ ቤቶቹ ቀጥ ብለው ተሰልፈው ይታያሉ ወይ ነው የምልህ።»

«እንደ ክር ቀጥ ይላሉ!»

«ክረምት ሳይገባ ይደርሳሉ?»

«ቆረጣውና ማጓጓዙ ስለሚቀር እንዲያውም ይፈጥናሉ።»

«በል ሥራ! ምን ትጠብቃለህ?»

ይርሳው ከቢሮው ወጥቶ እህል ተራ ሲደርስ ብቻውን ሳቀ፤ ሻጮቹ ሴቶች እብድ መስሏቸው ዘወር አሉለት።

ማፍረሱ ግን ማፍረስ ነው። ወለተ ሐና ጣራቸው ሲወርድ አለቀሱ፤ ምሰሷቸውን የተሸከሙትን ሰዎች እስከ ተዳፋቱ ድረስ እየተከተሉ «ቀስ በሉ!» ይሉ ነበር። ይርሳው የቤቶቹን ጀርባ ዝናብ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አዞረ። ግድግዳው በጭድ በተቦካ ጭቃ ወፍራም ሆኖ ተመረገ፤ የጣራው ሣር ግድግዳውን አልፎ እንዲወርድ፣ ከላይ በኩልም የጎርፍ ቦይ እንዲቆፈር አደረገ።

ሐምሌ ላይ ሰማዩ ተቀደደ። ይርሳው ሞጣ ቤተሰቡ ዘንድ ነበር። ዝናቡ ቀናት ሙሉ አላባራ ሲል መቀመጥ አቃተውና ወደ አዲሱ መንደር ተሳፈረ። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የቀረውን መንገድ በእግሩ አዘገመ። ረግረጉ ሐይቅ ሆኗል። ያን ሲያይ ቀና ለማለት ፈራ።

ቀና አለ። ከየጣራው ጭስ ይወጣል። ጎርፉ በቦዩ እየዞረ ይወርዳል።

ወለተ ሐና ቤት ደርሶ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው፤ ቤቱም ይሞቃል።

«እንዴት አደሩ፣ እማማ?»

«እኔማ ደርቄ አደርኩ፣ ተመስገን! አንተ ነህ እንጂ የበሰበስከው። ግባ፣ ግባ!»

እሳቱ ዳር ተቀምጦ ጫማውን አወለቀ። የደኑ ነገር፣ የምንጩ ነገር፣ የጓድ አካለ ወልድ ጥያቄ፣ ሁሉም አንድ ላይ ከትከሻው ወረደ። ወለተ ሐና ቆሎ ይዘው ሲመለሱ ግድግዳውን ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል። ጋቢያቸውን ደርበውለት በሩን ገርበብ አደረጉት።