የሼህ አብዱ ጆሮ

የጣሊያኑ መካኒክ የካሚዮኑን የሞተር ሰንሰለት ከቀየረ ወዲህ መኪናው ጤና አጣ። ያስለዋል፤ በጭስ ማውጫው እንደ ጠመንጃ ይተኩሳል፤ ዳገት ሲያይ ይለግማል። መካኒኩ እጁ ይሳሳታል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረምና ጥፋቱን በሾፌሩ በሰዒድ ላይ ላከከ። «የአርበኞች ወገን ነው፤ ሆን ብሎ ያበላሸዋል» አለ። የደብረ ታቦሩ ካፒቴንም ካሚዮኑ ነገ ጠዋት የጋፋትን ዳገት ካልወጣ ሰዒድ እንደሚረሸን በአስተርጓሚ አስነገረው።

ሰዒድ መኪናውን እያባበለ ሲነዳ ሞተሩ ሼህ አብዱ ደጅ ላይ ጠፋበት። ሼህ አብዱ ሸማኔ ናቸው። ሃምሳ ዓመት እግራቸውን ከሽመናው ጉድጓድ ከተው ሸምነዋል፤ መኪና ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ችግሩን ሲነግራቸው «እስቲ ድገምና አስነሳው» አሉት።

አስነሳው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእግራቸው መሬቱን ቀስ እያሉ እየረገጡ አዳመጡ።

«ልጄ፣ የዚህ እጁ እግሩን ቀድሞታል» አሉ። «እኔም በእግሬ ድሩን ሳልከፍት መወርወሪያውን ብሰድ ክሩ ይበጠሳል። የዚህን እጅና እግር የሚያስማማው ምኑ ነው?»

ሰዒድ ክው አለ። «ሰንሰለቱ ነው» አለ።

የሰንሰለቱን ክዳን ፈታው። ሰንሰለቱ በሚያያይዛቸው ሁለት ባለ ጥርስ መዘውሮች ላይ ምልክት አለ፤ ምልክቶቹ ፊት ለፊት መተያየት ሲገባቸው አንዲት ጥርስ ተዛንፈዋል። ሰው የምታስረሽነው ይቺ ጥርስ ናት እንግዲህ። መልሶ ሲገጥመው ሞተሩ ያለ አንዳች ሳል ተነሳ። ያን ሁሉ የተማረ መካኒክ ያጣውን አንድ ሸማኔ በጆሮው አገኘው፤ እንዲህ ያለ ሰው ባለበት አገር መወለድ ያኮራል።

ሰዒድ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ያዙት። «ምስጋናው ለአላህ ነው። ስሜን ግን እንዳታነሳ፤ ከሰሙ የእነሱን መኪና ሲያስጠግኑኝ ይኖራሉ።»

በማግስቱ ካሚዮኑ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ወጣ። ካፒቴኑ «ማን ሠራው?» ሲል ጠየቀ።

ሰዒድ ጨነቀው። እኔ ነኝ ቢል ያበላሸውም እሱ ሊሆን ነው፤ ሼህ አብዱን ደግሞ ከሞት ቢያተርፈውም አይጠራም። እጁን ወደ መካኒኩ ዘረጋ።

«እሳቸው ናቸው፣ ጌታዬ። ሰንሰለታቸውን አንዲት ጥርስ መለሱት።»

መካኒኩ ፊቱ ቀላ። አይደለሁም ቢል እሱ ያቃተውን ሌላ ሰው ሠራው ሊባል ነው። ሰዒድን አየው፤ ሰዒድ መሬት መሬቱን አየ።

«አዎ» አለ መካኒኩ በመጨረሻ፤ «ስህተቱ የእኔ ነበር።»