ያልለካችው ተራራ

የመቅደላዊት አባት ባንተአምላክ ዲማ ወርዶ ወርቅ ሲቆፍር ከርሞ የተመለሰው ነጭ ድንጋይ ይዞ ነው። ድንጋዩን ይወቅጠዋል፣ በውሃ ይበጠብጠዋል፣ ግድግዳ ይቀባበታል። ጋምቤላ ክልል የሆነች ሰሞን ነበር። በየጊዜው አዲስ ቢሮ ይከፈታል፤ አዲስ ቢሮ ደግሞ ነጭ ግድግዳ ይወዳል። ሽማግሌው እጁ ሥራ ሳይፈታ ይውልና ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት ለብሶ ይመለሳል። ጎረቤታቸው መምህር ዱዎት፣ "ጋሼ፣ ጋምቤላ ስትገባ ቀይ ነበርክ፤ አሁን ፈረንጅ ሆነሃል" እያለ ይስቅበታል።

ዱቄቱ ጉሮሮውን ሲከረክረው ይጎዳ እንደሆነ ልጁን መቅደላዊትን ጠየቃት። ያኔ አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነበረች። አንድ እፍኝ ወስዳ ለመመረቂያ ጽሑፏ በኤክስሬይ ማሽን አየችው። ማሽኑ የማዕድኑን ዓይነት ነገራት። ይኸው ማዕድን አንዱ ቦታ ድቡልቡል፣ ሌላው ቦታ እንደ መርፌ ቀጭን ሆኖ ይገኛል። ድቡልቡሉ እምብዛም አይጎዳም፤ መርፌው ግን ሳንባ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል።

ማሽኑ ወረቀት ላይ ተራራ የሚመስሉ መስመሮች ይስላል። ተራራው በሰፋ ቁጥር ክሪስታሉ፣ ማለት የማዕድኑ ቅንጣት፣ በዚያ አቅጣጫ ትንሽ ነው። እሷ አንዱን ሰፊ ተራራ ለካችና ቅርጹን ክብ ነው ብላ ወሰደችው። ለሒሳቡ ስለሚቀል ክፍሉ ሁሉ የሚያደርገው እንዲያ ነበር። ክብ ከሆነ በአንድ በኩል የለኩት በሁሉም በኩል ይሠራል። "ደቃቅ፣ ክብ" ብላ ጻፈች። ለአባቷም፣ እንደ ጤፍ ዱቄት ነው፣ አክ ብለህ ትተፋዋለህ አለችው። ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው ለጠየቀው ሁሉ፣ ልጄ በማሽን አይታ አጽድቃዋለች ይል ጀመር።

ተመርቃ ጋምቤላ ማዕድን ቢሮ ተመደበች። አንድ ቀን አለቃዋ ስለ ነጩ አፈር አንድ ገጽ ጻፊ ሲላት የድሮውን ወረቀት አወጣች። ቶሎ ጨርሳ ልትገላገል ነበር። ማስመሪያዋን ያኔ ያልለካችው ተራራ ላይ አሳረፈች። ተራራው እንደ ምላጭ ቀጭን ነው። በዚያ አቅጣጫ ክሪስታሉ ረጅም ነው ማለት ነው። ደግማ ለካች። በአንድ በኩል ደቃቅ፣ በሌላው በኩል ረጅም የሆነ ነገር ክብ አይደለም። መርፌ ነው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሙቀጫው ላይ ነበር። ዘነዘናውን ከእጁ ነጠቀችውና ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረችው። እሱ ምንም እንደማያመው ነገራት። እሷም የሳንባው በሽታ አሥር፣ ሃያ ዓመት ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል፣ ምናልባትም ጨርሶ ላይመጣ እንደሚችል አስረዳችው።

"የገባውስ ይወጣል?"

"አይወጣም።"

"ያንን ሌላውን ተራራ ያኔ አላየሽውም?"

"እዚያው ነበር፣ አባዬ። ቸኩዬ ነው።"

አልተቆጣም። ተነስቶ ወደ ዱዎት ቤት ሄደ፤ የልጆቹን መኝታ ክፍል የቀባለት እሱ ነው። ተከተለችው። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ግድግዳውን እንዳይፍቁት፣ ልጆቹም እንዳይደገፉት፣ እሱ ራሱ በውሃ አርሶ በጭቃ እንደሚመርገው ነገረው። የዱዎት ሳቅ ጠፋ። ልጄ በማሽን አይታዋለች አላልከኝም ወይ ብሎ ጠየቀው።

"ዋሸሁህ" አለ ባንተአምላክ። "አላየችውም። ገበያ ፈልጌ ነው ስሟን የጠራሁት።"

ዱዎት ሌባ አለው። ልጆቼን ለገንዘብ ብለህ አለው። ሽማግሌው ሁሉንም አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። በዓይኑ ብቻ፣ ዝም በይ ይላታል። ዝም ካለች ግን ነገም በሌላ ሰው ደጃፍ ሊሰደብላት ነው።

"ውሸቱን ነው" አለች። "አይቼዋለሁ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ስለ መርፌው ስትነግረው ቀጥ ብሎ የሰማው አባቷ አሁን ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

"ምነው ይቺን እንኳ ልሸከምልሽ ብትተዪልኝ" አላት።

ዱዎት የልጆቹን ሰሌን አውጥቶ ማንጎው ሥር አነጠፈ። ትንሿ ልጁ ኛኩዎል የቀን እንቅልፏን እንደተኛች ውስጥ ቀርታለች። ባንተአምላክ ሊያወጣለት ተነስቶ ገባና እጁን ዘረጋላት። ከዚያ ዱቄት የለበሰ ሸሚዙን አየ። እጁን ሰብስቦ፣ ልጅቷን ሳይነካት ወጣ።