አራተኛው መስመር

ኪኩዬ ቁልፉን ደግማ ተጫነችው። ኮምፒውተሩ ከአሥሩ ተወዳዳሪ ፈረሶች ዘጠኙ በስንት ደቂቃ እንደሚገቡ ገመተ። የአራት ቁጥሯ ፈረስ የሃማናሱ ቦታ ግን አሁንም ባዶ ነው።

ፕሮግራሙን የሠራችው ራሷ ናት፤ ከሜትዮሮሎጂ ጣቢያ ጡረታ ከወጣች በኋላ። እዚህ ሆካይዶ ደሴት በሚደረገው ውድድር ግዙፍ ፈረሶች ብረት የተጫነ ጎማ አልባ ተንሸራታች ጋሪ እየጎተቱ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር፣ ሁለት የአሸዋ አቀበት ይወጣሉ። ባለፈው መኸር አሸዋው ሲቀየር ግምቷ ሁሉ ተዛባ። የበረዶውን ወራት ሙሉ እርጥበቱን እየለካች ፕሮግራሙን ስታስተካክል ከረመች። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ የተወው ሁለት ጊዜ ነው። ስህተት መስሏት አልፋዋለች። ሁለቱም ፈረሶች ሁለተኛው አቀበት ላይ ወድቀው ሞቱ።

በጭጋጉ ውስጥ ወደ ጋጣው ሄደች። ሽማግሌው ነጂ ሙናካታ የሃማናሱን ጋማ እየጎነጎነ ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ባያስሮጧት ይሻላል።»

«መጣች ጠንቋይዋ!» ብሎ ሳቀ። «ያ ማሽንሽ ደግሞ ምን አላት? ወፈረች አለ?»

«ምንም አላለም። ዝም አለ።»

«ታዲያ አንቺም ዝም በያ! ዛሬ ካልሮጠች እኮ ሰኞ ቄራ ነው የሚወስዷት። ባለቤቱ ቆርጧል።»

ኪኩዬ ኮምፒውተሯን ድርቆሹ ላይ ከፈተች። ፕሮግራሙ ላይ ሃማናሱን ከአራተኛው ወደ ሰባተኛው መስመር አዛወረቻት፤ ሁለተኛ ትወጣለች አለ። ሌላ ፈረስ አራተኛው ላይ አስገባች። ባዶ።

«እሷ አይደለችም» አለች። «መስመሩ ነው። የሞቱትም ሁለቱም በአራተኛው ነው የሮጡት።»

የሙናካታ ሳቅ ከፊቱ ጠፋ። «ጠዋት ሳለማምዳት እዚያ አቀበት ሥር ቆማ ቀረች» አለ ቀስ ብሎ። «ጆሮዋን ወደ አሸዋው ደፍታ። ከታች የሚጠራት ያለ ይመስል።»

ኪኩዬ ወደ ሜዳው ኃላፊ ሮጠች።

«ዛሬ ጠዋት ተለክቷል፤ አሸዋው ደህና ነው» አለ ሰውዬው ወረቀቱን እያሳያት። «እትዬ፣ ኮምፒውተር ዝም አለ ተብሎ ውድድር ይቆማል እንዴ?»

ፈረሶቹ ወደ መነሻው ሲወጡ ብቻዋን አጥሩ ጋ ቆመች። በሌሎቹ መስመሮች ላይ ስስ በረዶ ተኝቷል፤ አራተኛው ላይ የለም። አሸዋው ቀስ ብሎ ዝቅ፣ ቀስ ብሎ ከፍ የሚል መሰላት። ዓይኗን አሻሸች። አሁንም ያው ነው።

የማስጀመሪያው ሙዚቃ ተሰማ። ሙናካታ ተንሸራታቹ ላይ ቆሞ ልጓሙን ጨብጧል፤ ወደ እሷ ያያል።

ኪኩዬ ኮምፒውተሯን መሬት ላይ አስቀመጠች። በአጥሩ ገመድ ሥር ሾልካ ገባችና አራተኛው መስመር መሃል፣ ሁለተኛው አቀበት ላይ ተቀመጠች።

«ሴትዮ! ከሜዳው ውጪ!» ድምፅ ማጉያው ጮኸ።

አሸዋው ከሥሯ ይሞቃል። አልተነሳችም።