ስድስት ነጥብ ስምንት

የእኔ ሥራ ማካፈል ነው። የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር የያዛቸው ሰዎች ሕክምና ሳይጀምሩ ከሰጡት ደም ሁለት ዓይነት ነጭ ሕዋሳትን እወስድና የኒውትሮፊሉን ቁጥር ለሊምፎሳይቱ አካፍላለሁ። ከዚያ ማን ስንት ዓመት እንደኖረ ከፋይሉ አያለሁ። በጥናታችን፣ ውጤቱ ከሦስት በላይ የሆነባቸው ሰዎች በጅምላ ሲታዩ ቶሎ ይሞታሉ። «በጅምላ» የምትለዋን ለአጎቴ ሳልነግረው ቀረሁ።

አጎቴ ጫማ ሰፊ ነው። ምላሱ ላይ በስተግራ የወጣችው ቁስል ካንሰር መሆኗ ሲታወቅ ሠላሳ ሦስት ቀን የጨረር ሕክምና ታዘዘለት፤ ደምም ሰጠ። «የኔስ ስንት ሆነ?» እያለ ጨቀጨቀኝ። ጭቅጭቅ አልወድም።

«ስድስት ነጥብ ስምንት።»

«ጥሩ ነው?»

«አይደለም።»

በማግስቱ ቀጠሮው ላይ አልተገኘም። አክስቴ ደውላ «ባሌን በቁሙ ቀበርሽው!» ብላ ጮኸችብኝ። ሱቁ ስደርስ የአንድ ሴት ጫማ ተረከዝ እየመታ ነበር።

«ሠላሳ ሦስት ቀን ተመላልሼ ከምሞት እዚሁ ቁጭ ብዬ እሞታለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ቢያንስ የሰው ጫማ አያድርብኝም።»

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ስላንተ ብቻ አይናገርም። የብዙ ሰው ደም ሰብስበን ነው።»

«የመቶ ሰው ሶል ቢያልቅ የኔ አላለቀም ማለት ነው?»

«ሳይታይ አይታወቅም ማለት ነው።»

«ታዲያ ሳታይ ለምን ነገርሽኝ?»

እሱ የውሃ ጠርሙሱን አንሥቶ ሲጠጣ ራሱን ወደ ግራ አዘነበለ። ቁስሉ ያለው በግራ ነው። ውሃውን ወደ ታመመው ጎኑ የሚልክ ሰው በሌላው በኩል የባሰ ነገር አለበት።

«አፍህን ክፈት።»

«አንቺ ልጅ፣ ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው።»

«ክፈት አልኩህ!»

በስተቀኝ መንጋጋ ጥርሱ ተሰብሮ ድዱ መግል ቋጥሯል። ከጨረር በፊት ጥርስ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ታዝዞ ነበር፤ «ሄጃለሁ» ብሎ ሁላችንንም ሸውዶናል። መግል ያለበት ሰው ኒውትሮፊሉ እንደሚበዛ የአንደኛ ዓመት ተማሪም ያውቃል። ጥናታችንም ኢንፌክሽን ያለበትን አይቀበልም። እኔ ግን ሳልጠይቅ አካፈልኩ።

«ካንሰር ሲሉህ ያልደነገጥክ ሰውዬ፣ የጥርስ መንቀያ ጉጠት ትፈራለህ?»

«ካንሰሩን አላየሁትም። ጉጠቱን ግን አይቼዋለሁ።»

ሱቁን አዘግቼ በዚያው ሰዓት ወሰድኩት። ጥርሱ ተነቀለ፤ ድዱ እስኪድን ሁለት ሳምንት ጠበቅን፤ እንደገና ደም ሰጠ። ውጤቱ ሁለት ነጥብ ሰባት ሆነ። ይድናል ማለት አይደለም፤ ያ ክፉ ቁጥር ግን የጥርሱ ነበር። ልነግረው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«ተይው። ያኛውም ሲነገረኝ አልበጀኝም። ይልቅ ነገ ለጨረሩ ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

«ሁለት ሰዓት። እንዳታስጠብቀኝ።»

ዛሬ የጨረሩ አሥራ አንደኛ ቀን ነው። አፉ ቆስሎ መናገር ስለሚያመው በምልክት ነው የሚያዘን። አክስቴ «ከተጋባን እንዲህ ተስማምተን አናውቅም» ትላለች፤ እሱም እስክሪብቶ ተቀብሎ ረጅም መልስ ይጽፍላታል። ሃያ ሁለት ቀን ይቀረዋል። እስካሁን አንድም ቀን አልቀረም።